የሸህ ሙህዲን መለኪያ

ከሚሴ ውስጥ መስከረም በጠባ ቁጥር ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስገባ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤቱ አልነበረም፤ ወደ ሸህ ሙህዲን ደጅ ነበር። ሸህ ሙህዲን ልጁን ፊታቸው ያቆሙና «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሻግረህ ግራ ጆሮህን ያዝ» ይሉታል። ጣቱ ጆሮውን ከነካ «ደርሷል፣ ውሰዱት» ነው። ካልነካ «ገና ነው፣ ለከርሞ አምጡት» ነው። ልኩ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ቢሆንም፣ እሳቸው ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲለኩ ስለኖሩ ቃላቸውን የሚጠራጠር አልነበረም። ለድካማቸው ከምስጋና በቀር የተቀበሉት ነገር የለም። ለማንም አያዳሉም፤ የሀብታም ልጅም ቢሆን ጣቱ ካልነካ አልነካም።

ከረጅም ልምዳቸው የተማሩት አንድ ነገርም ነበር። ሴቶቹ ልጆች ከወንዶቹ እየዘገዩ ይደርሳሉ፤ ብዙዎቹም ሳይደርሱ ይቀራሉ። «የሴት ልጅ እጅ ያጥራል። ይህን ሃያ ዓመት በዓይኔ አይቼ ያረጋገጥሁት ነው» ይሉ ነበር። ሰውም አመናቸው። እሳቸውም፣ አላህ ይወቅላቸውና፣ ከልባቸው ያምኑት ነበር።

በ1974 ዓ.ም. መስከረም ላይ የገዛ የልጅ ልጃቸውን ሶፍያን ለሁለተኛ ጊዜ «ገና ነሽ» ብለው የመለሷት በዚሁ እምነታቸው ነው። ሶፍያ ስምንት ዓመቷን ጨርሳለች። እናቷ ፋጡሜ ባቲ ገበያ ጨው ትነግዳለች፤ ልጅቱ ግን ጡት ከጣለች ጀምሮ አያቷ ቤት ነው ያደገችው። አሁን ሸህ ሙህዲን ቆርጠዋል። ሁለት ዓመት ተለክታ ያልደረሰች ልጅ እናቷ ዘንድ ትሂድና ሱቅ ትጠብቅ፣ ታናናሾቿን ትዘል ብለው ላኩ። ፋጡሜም በትምህርት ቤቱ የምዝገባ መጨረሻ ቀን መጥታ ልትወስዳት ተቀጠረች። ባቲ ከሄደች ሕፃናቱን ጥሎ ትምህርት ቤት መሄድ እንደማይኖር ሁሉም ያውቀዋል፤ ሶፍያም ታውቀዋለች።

በቀጠሮው ቀን ዙሁር ከተሰገደ በኋላ ሸህ ሙህዲን ሶፍያን ይዘው አስፋልቱ ዳር ካለው ከልብስ ሰፊው ከቃሲም በረንዳ ተቀመጡ። የፋጡሜ መኪና እስኪደርስ የልጅቱ ቀሚስ እጥፋት ተፈትቶ እንዲረዝም ነበር ሐሳባቸው። ቃሲም ቀሚሱን የስፌት መኪናው ላይ ዘርግቶ እጥፋቱን በምላጭ ይፈታል። ሶፍያ ደግሞ ከቃሲም የአምስት ዓመት ልጅ ከአብደላ ጋር መሬት ተቀምጣ ቅልብልቦሽ ትጫወታለች። ሸህ ሙህዲን ጠጠሩ ወደ ላይ በተወረወረ ቁጥር ግንባራቸው ይቋጠራል።

በዚህ መካከል የመስከረም ዝናብ ሳያስጠነቅቅ ወረደና አንዲት ወጣት በሩጫ በረንዳው ላይ ወጣች። ዓዲላ ናት፤ የከሚሴው የእህል ነጋዴ የሙሐመድዘይን ልጅ፣ ደሴ ተምራ በዚያው ዓመት በመምህርነት የተመደበች። በፕላስቲክ የተጠቀለለ መዝገብ ደረቷ ላይ ታቅፋለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሸህ ሙህዲን!»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። አካም ጅርታ ልጄ፣ ነጋያ? ዝናቡ አባረረሽ?»

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ። መዝገቡ እንዳይረጥብብኝ ብዬ ነው፤ እኔስ ብረጥብም እደርቃለሁ።»

ዓዲላ ወንበር ስባ ከመቀመጧ ዓይኗ ሶፍያ ላይ አረፈ። ልጅቱ አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ጥላ፣ ሦስቱን ከመሬት አፍሳ፣ የሚወርደውን በእጇ ጀርባ ትቀበላለች። ተራው የአብደላ ሲሆን «አንተ ትንሽ ስለሆንህ አንድ አንድ አንሣ፤ እኔ ግን ከሳትሁ ተቃጠልሁ» አለችው።

«ማሻ አላህ! ስንተኛ ክፍል ናት?» አለች ዓዲላ።

«የት ክፍል ታውቃለች! አልደረሰችም። ዘንድሮም ለካኋት፤ ሁለት ጣት ጎደላት። ዛሬ እናቷ መጥታ ባቲ ትወስዳታለች።»

ሶፍያ የወረወረችው ጠጠር መሬት ወደቀ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«በክፉው ቀን ነው የተወለደች። ስምንት ሞልቷታል። ከእጇ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ አእምሮዋ ነው፤ ወላሂ እውነቴን ነው። ድሮ ‹ጅብ መጣ› ስላት ኩርምት ብላ ትተኛ ነበር። አሁን ‹በሩ ተዘግቶ በየት ይገባል?› ትለኛለች። ተረት ስነግራት ‹ቅድም ሞተ ያልከው አንበሳ እንዴት ተነሣ?› ትላለች። ስለካትም ዝም ብላ አልተለካችም፤ ሰበብ ደረደረችልኝ። ለሽማግሌ መልስ የምትሰጥ ልጅ በስላለች ይባላል?»

ዓዲላ ሳቋን አፈነችው። በሽማግሌ ፊት መሳቅ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ደግሞም የሸህ ሙህዲን ጭንቀት እውነተኛ ነበር።

«አባቴ፣ አንቱ እንደ ክስ ያቀረቡትን እኔ እንደ ምስጋና ነው የሰማሁት። ልጅ በአራትና በአምስት ዓመቱ ዓይኑ ያየውን ብቻ ያምናል። ከስድስትና ከሰባት በኋላ ግን ነገሩን ከነገሩ ማስተያየት ይጀምራል፤ ‹ይህ ከሆነ ያ እንዴት ይሆናል?› ይላል። ሶፍያ ጅቡን ከበሩ ጋር አስተያየችው። አንበሳውንም ከቅድሙ ወሬ ጋር። ይህ ጥጋብ አይደለም፤ የአእምሮ ጥርስ ማብቀል ነው።»

«ይህ የመጽሐፍ ወሬ ነው ልጄ።»

«እንግዲያው መጽሐፉን እንተወውና ውሃ እንጠይቅ» አለች ዓዲላ።

ከጎረቤቱ ሻይ ቤት ሁለት እኩል ብርጭቆና አንድ ዝርግ ሳህን ተዋሰች። ብርጭቆዎቹን እስከ እኩሌታ ውሃ ሞልታ ጎን ለጎን አቆመችና ልጆቹን ጠራች። ሁለቱም ውሃው እኩል መሆኑን መሰከሩ። ከዚያ ያንዱን ብርጭቆ ውሃ ሳህኑ ላይ ገለበጠችው።

«አብደላ፣ አሁን ብዙ ውሃ የቱ ጋ ነው?»

አብደላ ጊዜ አላጠፋም፤ ብርጭቆውን በጣቱ መታው። «ይኼ! ይኼ ረጅም ነው።»

«ሶፍያስ?»

ሶፍያ ጥያቄው የሚያጠምድ ነገር እንዳለው ሁሉ መጀመሪያ የመምህርቷን ፊት አየች። «እኩል ናቸው። አልጨመርሽበት፣ አልቀነስሽበት። ሳህኑ ሰፊ ስለሆነ ተንጣለለ እንጂ፣ መልሰሽ ብትገለብጭው ያው ቦታው ይደርሳል።»

ሸህ ሙህዲን ጢማቸውን ያዙ። የዛሬ ሦስት ዓመት ረመዳን ትዝ አላቸው። ይህችው ልጅ የእሷ ወተት በጣባ፣ የአጎቷ ልጅ ወተት በብርጭቆ ቀርቦ «ለእሱ በለጠ» ብላ ቤቱን በለቅሶ አናውጣው ነበር። እሳቸውም ያንኑ ወተት በብርጭቆ ገልብጠው ሲሰጧት ዝም አለች፤ በዘዴያቸውም ብዙ ቀን ሲስቁ ሰነበቱ። ዛሬ ያ ዘዴ እንደማይሠራ ገባቸው።

«ቆይ፣ እኔ ልጠይቃት» አሉ። «ኮቱ፣ ወዲህ ነይ። የሳህኑን አብደላ ቢጠጣው፣ የብርጭቆውን አንቺ ብትጠጪው፣ ማን ብዙ ጠጣ?»

«እኩል ነን አባባ። ግን እሱ ትንሽ ስለሆነ ሆዱ ቶሎ ይሞላል።»

ቃሲም መኪናውን አቁሞ በሳቅ ፈነዳ። ሸህ ሙህዲንም ሳቃቸው አመለጣቸው። የሰው ልጅ በስምንት ዓመቱ እንዲህ ዓይነት ሚዛን በራሱ ውስጥ መትከሉ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ማንም አላስተማራትም፤ ከጅቡም፣ ከወተቱም፣ ከጠጠሩም እየለቀመች ያበጀችው ነው። እኛ ትልልቆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ዝም በይ» እያልን ነው የምናልፈው።

ሸህ ሙህዲን ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «እሺ፣ አእምሮዋስ ይሁን። አካሏ ግን ያው አምና የነበረው ነው። ከዓመት ዓመት አላደገችም። እያት እስቲ፣ አንድ ጭብጥ!»

አሁን የተናገረው ቃሲም ነው። «ሸህ ሙህዲን፣ በዚህስ እኔን ይጠይቁኝ። ይህን ቀሚስ የሰፋሁት ከሦስት ዒድ በፊት ነው። ልጅ ታድጋለች ብዬ ታቹን ወፍራም አጥፌ ነበር። ካቻምና አንዱን ፈታሁ፣ አምና አንዱን፣ ዛሬ ሦስተኛውን። መስመሮቹን ይዩ!»

ቀሚሱን በብርሃኑ ላይ ዘረጋው። ፀሐይ ባደበዘዘው ጨርቅ ላይ እጥፋቱ የነበረባቸው ሁለት መስመሮች በግልጽ ይታያሉ፤ ዛሬ የተፈታው የታችኛው ክፍል ደግሞ ገና የሱቅ ቀለሙን አልለቀቀም። ሸህ ሙህዲን በጣታቸው ለኩ። ሦስት ጣት። ቀጣዩን ለኩ። ሌላ ሦስት ጣት።

«እንግዲህ ይኸው» አለች ዓዲላ። «በዚህ ዕድሜ ልጅ እንደ ሕፃን አይመነደግም፣ እንደ ጎረምሳም አይተኮስም። ዝግ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ያድጋል። አብሮት የሚውል ሰው አያየውም። ጥርሶቿን ይመልከቱ፤ የፊቶቹ የወተት ጥርሶች ወልቀው ዋናዎቹ መጥተዋል። ለፊቷ ትልቅ መስለው የሚታዩት ፊቷ ገና እየተከተላቸው ስለሆነ ነው። እጇስ? ቅልብልቦሹን አይተዋል፤ ዓይኗና ጣቷ ተስማምተዋል።»

«ይህንስ እኔ እመሰክራለሁ» አለ ቃሲም። «ዓይኔ ከደከመ ወዲህ በዚህ ስታልፍ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት። የኔው አብደላ ክሩን ያኝከዋል።»

«ያን ጣት ነው እርሳስ የሚጠብቀው» አለች ዓዲላ። «ጨዋታውን አይናቁት አባቴ፤ ቁጥርም፣ ተራ መጠበቅም፣ ሕግ ማክበርም እዚያ ውስጥ ነው። ይልቅ እድገቷን የሚጎዳውን ልንገርዎት። ውሃ የሚቀዳበት ትልቁ እንስራ ለጀርባዋ ይከብዳል፤ ትንሹን ትያዝ። ወተትና ባቄላ ከወንዶቹ እኩል ይድረሳት። እንቅልፏን ትጥገብ። የተወለደችው በክፉ ቀን ነው ብለውኛል፤ ረሃቡ ወደ ኋላ ያስቀራት ነገር አለ፤ ግን ደግሞ እየደረሰችበት ነው።»

ሸህ ሙህዲን የመጨረሻውን ምሽጋቸውን ያዙ። «ሁሉን ተቀበልሁሽ። ልኩ ግን ልክ ነው። የአባቶቻችን ነው። እሱን ውሸት ነው ልትይኝ አትችይም።»

«ውሸትስ አልልም፤ ልኩ የብልህ ሰው ሥራ ነው» አለች ዓዲላ። «ሕፃን ራሱ ትልቅ፣ ክንዱ አጭር ነው፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሆነው ክንዱ ረዝሞ ከጆሮው ይደርሳል። እኔንም የገረመኝ እሱ ነው፤ ሦስት ዓመት እንዲህ ያደገች ልጅ እንዴት ሁለት ጣት ይጎድላታል? ሶፍያ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሶፍያ ወደ አያቷ አየች። ሸህ ሙህዲን «ተናገሪ» አሏት።

«ሻሼ ነው» አለች በቀስታ። «ጸጉሬ አናቴ ላይ ታስሮ፣ በላዩ ሻሽ ሁለት ጊዜ ዞሮ ነው የተለካሁት። እጄ ያን ሁሉ ተራራ ሲወጣ ያልቅበታል። ወንዶቹ ግን ተላጭተው ነው የሚመጡት። ያን ቀን ነግሬህ ነበር፣ ሰበብ አታብዢ አልከኝ።»

ዓዲላ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ ረቢ! ሸህ ሙህዲን፣ እኔን የለኩኝ እኮ አንቱ ነዎት! ትዝ ይልዎታል? በመጀመሪያው ልኬት ነው የደረስሁት።»

«ትዝ ይለኛል። ከሴቶቹ አንቺ ብቻ ነበርሽ በዚያ ዓመት። ገርሞኝ ነበር።»

«ጭንቅላቴን ቆረቆር ይዞኝ አባቴ ላጭቶኝ ነበር!»

ቃሲም ወደ አብደላ የተላጨ ራስ አየ።

ሸህ ሙህዲን ተነሡና ሶፍያን በእጇ ይዘው ከሱቁ ውስጥ፣ ከተሰቀለው ልብስ ኋላ አስገቧት። ሻሿን ራሳቸው ፈቱት። በአናቷ ላይ የተሰበሰበውን ወፍራም ሹሩባ ፈተው ወደ ማጅራቷ ለቀቁት። ከዚያ ሃያ ዓመት ያሉትን ቃል አሉ። «ቀኝ እጅሽን በአናትሽ ላይ አሻግረሽ ግራ ጆሮሽን ያዢ።»

የሶፍያ ጣቶች ጆሮዋን ደረሱበት፣ አለፉትም፤ ከታች ጉትቻዋን ያዘች።

በዚያው ቅጽበት ከበረንዳው «አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባስ የት ሄደ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፋጡሜ ከጭነት መኪናው ወርዳ፣ ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ እያራገፈች ነበር። ሸህ ሙህዲን ከልብሶቹ ኋላ ወጡና ልጃቸውን ሰላም ከማለታቸው በፊት ቆመው አዩዋት። እሷም ተለክታ ነበር። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ዘመን፣ ሦስት መስከረም ተራ በተራ።

«ፋጡሜ፣ አንቺ ስትለኪ ጸጉርሽ እንዴት ነበር?»

ፋጡሜ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አልገባትም። የሶፍያን የተፈታ ጸጉር፣ የመምህርቷን መዝገብ፣ የአባቷን ፊት አየች። ከዚያ ሁሉም ነገር ገባት።

«ሹሩባ ነበረኝ፤ እማ ለዒድ የሠራችልኝ» አለች። «በሁለተኛው ዓመት እኮ ነግሬህ ነበር አባ። ‹ጸጉሬን ፈትተህ ለካኝ› ብዬህ ነበር። ‹ልጅ መልስ አይሰጥም› አልከኝ። በሦስተኛው ዓመት ዝም አልኩ።»

ሸህ ሙህዲን ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። ሃያ ዓመት ሙሉ በፊታቸው ያለፉት ሻሾች ቀለማቸው ሳይቀር መጣባቸው። የሴት ልጅ እጅ አጭር አልነበረም። የስምንት ዓመት ልጅ እውነቱን ነግራቸው፣ ሸህ የተባሉት ሰው አልሰሟትም። ይህን በራሱ ላይ ያገኘ ሰው እንዴት እንደሚያም ያውቀዋል።

«አፉ በይኝ ልጄ» አሉ። «በማላውቀው ነው የፈረድሁብሽ።»

«አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ» አለች ፋጡሜ፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እኔስ አለፈኝ። ይቺን ግን ባቲ አልወስዳትም።»

ምዝገባው የሚዘጋው በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ሸህ ሙህዲን ዝናቡ እስኪያባራ አልጠበቁም፤ ሶፍያን በጋቢያቸው ስር ከልለው፣ አዲስ የረዘመውን ቀሚሷን አስለብሰው፣ ራሳቸው ይዘዋት ሄዱ። ዓዲላ መዝገቡን ታቅፋ ከኋላ ትሮጣለች።

ከዚያ ወዲህ የሸህ ሙህዲን ደጅ ተለወጠ። በሚቀጥለው መስከረም ሴቶቹን ልጆች ባለቤታቸው ወይዘሮ ረቢአ ጓዳ አስገብተው፣ ሻሻቸውን አስፈትተው፣ ጸጉራቸውን ዝቅ አድርገው ይለኩ ጀመር። እጅ ብቻ አይበቃም ብለው ሸህ ሙህዲን በበኩላቸው ሁለት ብርጭቆና አንድ ሳህን ገዝተው ልጁን ሁሉ ስለ ውሃው ይጠይቁታል። መልስ የሚሰጣቸውንም ልጅ «ለምን?» ይሉታል፤ ምክንያቱን ሲናገር ጆሯቸውን አቅንተው ያዳምጣሉ። ያን ዓመት ከዚያ ደጅ አሥራ አራት ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። ለጎረቤቱም «ትልቁን እንስራ ከልጅ ጀርባ አውርዱ፣ የሴቷን ሳህን አታጉድሉ፣ ስትጫወት አትቆጡ፤ በዚህ ዕድሜ የተዘራ ነው የሚታጨደው» እያሉ ይመክራሉ። ምክሩ የሠራ መሆኑን የሶፍያ ጉንጭም ይናገር ነበር፤ ቃሲምም አራተኛ እጥፋት ስላጣ ለዒድ አዲስ ቀሚስ ሰፋላት።

ከሁሉ ይልቅ የሚነገረው ግን ይህ ነው። ሶፍያ ሁለተኛ ክፍል ስትሆን ከባቲ የመጣ ሹፌር አንድ የታጠፈ ወረቀት ለሸህ ሙህዲን ሰጣቸው። ፊት ፊት የፋጡሜ መልእክት በሰው አፍ ነበር የሚመጣው፤ በዚያ ዓመት ግን ከገበያ መልስ መሠረተ ትምህርት ገብታ ነበር። ሸህ ሙህዲን ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩትና ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። ሶፍያ እየተንተባተበች፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ፊደሎቹ ትልልቅና ወላጋ ነበሩ፤ ቃላቱም ጥቂት።

«አባ፣ እኔ ፋጡሜ ነኝ። በእጄ ጻፍኩት። እጄ ደረሰ።»

ሸህ ሙህዲን «እንደገና አንብቢው» አሏት።